ጠማማዋ ቅጠል

ቡራዩ የሠራነው ቤት የብረት በሩ እየተቀባ ነው። የቀለሙ ሽታ ፉሪ ዳገት ላይ ያለውን የአንድ ሼኽ መቃብር ቤት አስታወሰኝ።

ልጅ ሆኜ ነው። ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ልጃቸው ከሕመሙ ድኖላቸው ስለታቸውን ሊያደርሱ ሲሄዱ ይዘውኝ ሄዱ። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ከወለሉ እስከ ጉልላቱ አረንጓዴ ሐረግ ተስሏል፤ በየመሃሉ ቀይ አበባና ወርቃማ ጨረቃ አለ። ስለቱ የሰመረለት ሁሉ ሐረጉ ላይ አንድ ቅጠል ይጨምራል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ይቺ ማተብ ያሰረች ልጅ እዚህ ምን ታደርጋለች?» አለች አንዲት ሴት።

«ታያለቻ! የተሳለው ሊታይ አይደል?» አሉ አዴ ዘይነባ፣ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩዋት። ብሩሹንም እኔን አስያዙኝ። «በይ፣ የእኔን ቅጠል አንቺ ሳዪልኝ።»

ስስላት ቅጠሏ ጠመመች። ሴትዮዋ ልታስተካክላት ስትጠጋ፣ «እንዳትነኪያት!» አሏት።

አሁን በሩ ላይ ሐረግ ይሳል ብል ባሌ ተቆጣ። «መስጊድ ልታስመስዪው ነው? ጎረቤት ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል!»

ብሩሹን ከቀለም ቀቢው ተቀብዬ አንድ ቅጠል ሳልኩ። ጠመመች። ቀቢው ሊያስተካክላት እጁን ሲዘረጋ ባሌን እያየሁ ጮክ ብዬ አልኩ፤

«እንዳትነካት!»