የእማማ የሺ ሳማ

ዛሬ ጠዋት እማማ የሺን መንገድ ላይ ተንበርክከው፣ በባዶ እጃቸው የታጨደ ሳማ ሲያገላብጡ አገኘኋቸው።

ጎረቤቴ ናቸው። ለንደን፣ ሃክኒ ሰፈር፣ ቤታችን አጠገብ አእዋፍና ነፍሳት የሚጠበቁበት ትንሽ ጫካ አለ። እዚህ አገር በመጡ ሰሞን፣ በሁዳዴ፣ ለወጥ ብለው ከዚያ ሳማ ሲቀነጥሱ ጠባቂዋ አየቻቸው። "እባክዎ ይተዉት፣ ቢራቢሮዎች እንቁላል የሚጥሉበት ነው" አለች። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

"ለፍጥረት ከሆነማ ሳማውንም እጾመዋለሁ" አሉ። ከዚያ ወዲህ ነክተውት አያውቁም።

ዊንተር ሲያልፍ ማቆጥቆጡን፣ ከፋሲካ በኋላ አባጨጓሬ መልበሱን፣ ሰመር ላይ ቢራቢሮዎቹ መውጣታቸውን በየዓመቱ እየሄዱ ያያሉ። (ድሮ አባጨጓሬ ሲያዩ ወንበር ላይ የሚወጡ ሴት ነበሩ።)

ዛሬ አንድም የቆመ ሳማ የለም። ልጆችን ይለበልባል የሚል ኮምፕሌይን መጥቶ፣ አዲስ የተቀጠሩ አጫጆች ጠባቂዋን እንኳ ሳይጠይቁ በማሽን ጠርገውት ሄደዋል። እሷም ስታለቅስ ነበር መሰለኝ፣ ዓይኗ ቀልቷል።

"ሳማው እኮ መልሶ ይበቅላል" አለች። ተረጎምኩላቸው።

እማማ የሺ በሕይወት ያገኟቸውን አባጨጓሬዎች ሻርፓቸው ላይ ሰብስበዋል። እጃቸው ተለብልቦ አብጧል።

"እስኪበቅል እነዚህ ምን ይበላሉ?" አሉኝ።

ይዣቸው ወደ ቤቴ መጣሁ።

እናንተስ፣ ሰፈራችሁ ያልታጨደ ሳማ አይታችኋል? ከተማው ማዶ ብሪክስተንም ቢሆን እንመጣለን። ለወጥ አይደለም። እማማ የሺ ሻርፓቸውን እንዳቀፉ ሳሎኔ ተቀምጠዋል።