በጠጠሩ ላይ ያነጠፍኩት ቁርበት

በአሶሳ ገበያ አጠገብ ወርቅ የሚገዛ አንድ ባንያን፣ ከህንድ የመጣ ነጋዴ፣ ነበር። ሁላችንም «ከዋጃ»፣ ባዕድ ሰው ለማለት፣ እንለው ነበር። በግቢው ውስጥ ለአምላኩ ምስል የቀርከሃ ቤት የሠራሁለት እኔ ነኝ። ግድግዳውን በበሬ ቆዳ ጠፍር ላስር ስል፣ «በዛፍ ልጥ እሰረው» አለኝ፤ በልጥ አሰርኩት። በሩን እንደ ቤቶቻችን በር ዝቅ አደረግሁት። ዙሪያውን ደግሞ ከወንዝ ያመጣሁትን ነጭ ጠጠር አለበስኩት። በመንገድ የሚያልፉ የእሱ አገር ነጋዴዎች ጫማቸውን አውልቀው ቤቱን እየዞሩ ይጸልዩ ነበር።

አጥር ስጠግን አያቸዋለሁ። ጠዋት የመጡት በዝግታ ይዞራሉ፤ በቀትር የመጡት ሊሮጡ ምንም አይቀራቸውም። የመንገደኛ ችኮላ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን በቀትር የእጄን ጀርባ ጠጠሩ ላይ ባሳርፍ አቃጠለኝ። ያለ ጫማ ኖሮ የደነደነው እግሬ ይህን አላወቀም።

በዚያ ሰሞን ጉልበታቸው ያበጠ አንድ አዛውንት ባንያን ከባምባሲ በኩል መጡ። ልጃቸው መንገድ ላይ ሞቶባቸዋል። ከምስሉ ፊት ቆመው ሊጸልዩለት ነው፤ ጓደኞቻቸው ግን ከቀትር በኋላ ወደ ሱዳን ይነሳሉ። ከዚያ ወዲያ በመንገዳቸው ላይ እንዲህ ያለ ቤት እንደሌለ ከዋጃ ነገረኝ።

እግራቸውን አሰብኩ። የቤታችንን ቁርበቶች፣ አባቴ የሚሰግድበትንም ጨምሬ፣ በጠጠሩ ላይ ዙሪያውን አነጠፍኩ። አዛውንቱ ጫማቸውን አውልቀው አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ቆሙ፤ የከዋጃን ትከሻ ያዙ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የበሬ ነው አባባ፣ ለስላሳ ነው። ይርገጡት» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ፊታቸውን አዞሩ። ከዋጃ ግንባሩን መታ። «አንተ ሰው! ቤቴ ስትመላለስ ሥጋ ሲበስል ሸቶህ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ!»

ገበያ ውስጥ፣ ከዋጃ ሥጋ የማይገዛው ስስታም ስለሆነ ነው ሲሉ እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

ቁርበቶቹን ጠቅልዬ አወጣሁ። ከዋጃ ጠጠሩ ላይ ውሃ አፈሰሰ፤ ወዲያው ደረቀ። ውጭ በቅሎዎች ይጫናሉ። አዛውንቱ ግን ጫማቸውን መልሰው አላጠለቁም፤ በጥላው ጥግ ቆመው ይጠብቃሉ።

ሰሌን ለመሥራት ጊዜ የለም። ጣራውን የያዙት ምሰሶዎቹ እንደሆኑ አውቃለሁ። ከዋጃን አስፈቅጄ ልጡን በጠስኩ፤ የፊቱንና የጎኖቹን ግድግዳ አውርጄ በቁመታቸው ከፈልኩና ጠጠሩ ላይ ዘረጋኋቸው።

«ቤቱን አፈረስከው እኮ» አለ ከዋጃ።

«ነገ እሠራዋለሁ።»

አዛውንቱ ቀርከሃውን በጣታቸው ነካ አደረጉና ረገጡት። ዞሩ፤ በዝግታ። ከምስሉ ፊት በደረሱ ቁጥር ቀጥ ብለው ቆመው አንድ ስም ይጠራሉ። በሩ በቦታው ቢኖር ምስሉን ለማየት በዚያ ጉልበት መንበርከክ ነበረባቸው። ይህን እኔ በሩን ስሠራ አላሰብኩም፤ ያን ቀንም አስቤ አልነበረም ያነሳሁት።

በማግስቱ ግድግዳውን ለመመለስ ልጥ ይዤ መጣሁ። ሥራ ሳልጀምር ከዋጃን፣ ያኔ ጠፍሩን ለምን እንደከለከለኝ ጠየቅሁት። ሳቀ።

«እስክትጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር» አለና አጠገቡ አስቀመጠኝ። ላምና በሬ በእነሱ ዘንድ ምን ያህል የተከበሩ እንደሆኑ ሲነግረኝ ረፈደ። ከዚያ ተነስቼ የበሩን ከፍታ በእሱ ቁመት ለካሁ።