መርዶዬን ያመጣው ሰርቨር

እናቴ ማረፏን ከማወቄ በፊት «ተመስገን!» ብዬ ነበር። ጠዋት ለሥራ ስዘጋጅ ስልኬ ላይ ማስጠንቀቂያ መጣ፤ የእድራችን ድረ ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ገብቷል ይላል። ሮጬ ሰርቨሩን አየሁት። አልወደቀም፤ ሁሉንም እያስተናገደ ነው። ደስ አለኝ፣ አማተብኩ። ከዚያ «ደግሞ ማን አረፈብን?» ብዬ ገጹን ስከፍት የእናቴ ፎቶ ነው። ያ ነጭ ሻሽ ያሰረችበት።

ይህን የምጽፈው እዚያው ገጽ ላይ ነው፤ ለማታውቁኝ፣ የሐረር ልጅ ነኝ፤ አቦከር የሚባል ሰፈር ነው ያደግኩት። አባቴ ወታደር ሆኖ ተመድቦ መጣ፣ እዚያው ተቀበረ፤ እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። ለትምህርት የወጣሁ ዕለት እስከ አውቶብሱ ሸኘችኝ። የባቢሌ ኦቾሎኒ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝና «ክፉ ወሬ ብቻሽን ከመስማት ይሰውርሽ» አለችኝ። የሰው እናት «ቶሎ ተመለሽ» ትላለች፤ የኔዋ ይህን አለች። አሜን አልኩ።

የምኖረው ኖርዌይ፣ በርገን የምትባል ከተማ ነው። ዝናቡ አያባራም። ውሃ በፈረቃ እየጠበቅን፣ ጀሪካን ደርድረን ላደግን ሰዎች ያ ሁሉ ውሃ ያለ ወረፋ ሲፈስ ማየት ግፍ ነው። ጊሽጣ የለ፣ ሰላምታ የለ፤ ጎረቤቴ ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ግድግዳውን ያያል። ኮምፒውተር ተምሬ ድረ ገጽ የሚሠራ ቢሮ ተቀጠርኩ።

አንድ ቀን የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ ደወሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው።

«ልጄ፣ የእኛ ጡሩንባ ከአቦከር አያልፍም፤ ልጆቻችን ግን ዓለሙን ሞልተውታል። ዘመዱ ሞቶ በዓመቱ የሚሰማ አለ። እስቲ በዚያ በኢንተርኔት የሚነፋ ጡሩንባ ሥሪልን።»

ገጹን ሠራሁ። ያስጨነቀኝ ሰርቨሩ ነው፤ ሰው ገጹን ሲጠይቅ ተቀብሎ የሚያቀርበው ፕሮግራም ማለት ነው። ገጹን ከሠራሁበት የኮምፒውተር መሣሪያ ጋር አብሮ የሚመጣ ትንሽ ሰርቨር አለ። ግን ለመሞከሪያ ብቻ ነው፤ ለእውነተኛው ሥራ፣ «ፕሮዳክሽን» ለሚሉት፣ እንዳትጠቀሙበት ብለው ሠሪዎቹ ራሳቸው ጽፈውበታል። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ሞክረው እሱኑ ወደዱት።

«ሠራ አይደል እንዴ? ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ አቦ?»

«እርስዎ ብቻዎን ስለከፈቱት ነው ጋሼ። አንድ ቧንቧ ያለው ቦኖ ይበሉት። አንድ ሰው ሲቀዳ ደህና ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ሲመጣስ?»

«ድብድብ ነዋ!» ብለው ሳቁ። «በይ እሺ፣ ቧንቧውን አብዢው።»

ላርስ የሚባል ልምድ ያለው የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ እሱን አማከርኩት።

«ስንት ሰው በአንድ ጊዜ ይገባል?» አለኝ።

«በደህና ቀን ማንም።»

«በክፉ ቀንስ?»

«ሁሉም።»

«ምንድን ነው የምትሸጡት?»

«ምንም። ሰው ሲሞት ነው የምናሳውቀው።»

«ታማኝ ደንበኞች ናቸው» አለ።

ሁለት ሰርቨር አነጻጸርን። አንዱ አዲስ ነው፤ ይበራል፣ ሲታመም ግን ምን እንደነካው አይናገርም። ሌላው የቆየና ዝግ ያለ ነው፤ ሥራውን በሥሩ ላሉ ብዙ ረዳት ፕሮግራሞች ያከፋፍላል፣ ከመካከላቸው አንዱ ቢሞት ወዲያው ይተካል። ለቅሶ ላይ ፍጥነት ምን ያደርጋል? ዋናው አለመውደቁ ነው። የቆየውን መረጥኩ። ሆን ብዬ ጫና እየላክሁ ፈተንኩት፣ ጸሎት አድርጌ ሥራ አስጀመርኩት፣ ሰው ሲበዛበት ለጠባቂው መልእክት እንዲልክም አደረግኩ። ጠባቂዋ እኔ ነኝ።

በወጋችን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ባዕድ አገር ላለ ሰውማ ጭራሽ። ሽማግሌ በማለዳ ይላካል፣ ስትወድቂ የሚይዝሽ ክንድ አብሮ ይመጣል። ጋሽ ታደሰ ይህን አልዘነጉም። እዚህ ላሉት ቄስ ደውለው ሰው ይዘው ቤቴ እንዲሄዱ ለምነዋቸው ነበር። በዚያው አፍ ደግሞ ለእድሩ ጸሐፊ «ገጹ ላይ አውጣው» አሉት፤ ሁሌም እንደሚሉት።

ቄሱና የማኅበር እህቶቼ ሲያንኳኩ ተንፏቅቄ ነው በሩን የከፈትኩት። አባ ፊቴን አይተው ደነገጡ።

«ማን ነገረሽ ልጄ?»

«ሰርቨሩ።»

የሰው ስም መሰላቸው። «እግዜር ይይለት! ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?» አሉ። እህቶቼ ያዙኝ፤ ግን አንዴ ብቻዬን ወድቄ ነበር።

ጋሽ ታደሰ ከቀብር መልስ ሲደውሉ እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር። «ሁሉን አስበን ነበር ልጄ። ጡሩንባው አንቺ እጅ መሆኑን ማን አሰበ?» አልተቀየምኳቸውም። እንዴት እንደሞተች ስጠይቃቸው ግን «እንደተኛች አለፈች» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የደወለልኝ ሁሉ ይህንኑ ቃል ይደግማል፤ የተማከራችሁበት ይመስላል። ሰርቨሩ ገጿ ከየትኛው አገር እንደተከፈተ ይነግረኛል፤ ይህን ግን አያውቅም።

ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ፣ እባካችሁ። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ አጠገቧ ነበሩ አሉ፤ አማርኛ አያነቡምና አንዳችሁ አጠገባቸው ቁጭ ብላችሁ ጠይቁልኝ። ሥጋ ወደሙ ተቀብላ ነበር? ውሃ ስትጠይቅ ማን አቀመሳት? ዓይኗን ማን ከደነላት? ስሜን ጠርታ ከሆነ ጻፉልኝ። ካልጠራችም ጻፉልኝ፤ ብቻ ለማጽናናት ብላችሁ ምንም አትጨምሩበት።