ሁለት ጋላክሲዎች በጭኔ ላይ

ያን ጊዜ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። አሰብ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። ለትምህርት ቤት አልታደልኩም፤ ስኳር የምጠቀልልበትን ጋዜጣ ስገላልጥ ነው ማንበብ የለመድኩት። ታናሽ ወንድሜ ጀማል ግን አዲስ አበባ ፊዚክስ ያጠና ነበር።

የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ሁለት ጋላክሲዎች ነው። በያንዳንዳቸው መሃል ጥቁር ጉድጓድ አለ፤ በዙሪያው የሚሽከረከረው ጋዝ ከመጋሉ የተነሳ ራጅ ይረጫል። ይህ ራጅ የምድርን አየር ስለማያልፍ የሚያየው ሳተላይት ነው። ሳተላይቱ ቀኑን ሙሉ ዓይኑን አንዱ ጋላክሲ ላይ ተክሎ፣ የደረሰውን ጨረር እንደ ምስር አንድ በአንድ እየለቀመ በየጉልበቱ ይለየዋል። ያ ልቅምቃሚ ባሕር ማዶ ባሉት የሳተላይቱ ሰዎች ዘንድ በሁለት የኮምፒዩተር ካሴቶች ተቀዳ፤ ለአንድ ጋላክሲ አንድ ካሴት። በፖስታ አንዴ ጠፍቶ ስለነበር አሁን በመርከብ፣ በእኔ ስም፣ አሰብ ወደብ ደረሰ። ጀማል፣ "እህትዓለም፣ ጽሑፌን የማስረክብበት ቀን ደርሷል። ሙቀት እንዳያገኛቸው አደራ" ብሎ ጻፈልኝ። ሙቀት! ያውም ከአሰብ!

ቡሬ

ካሴቶቹን ይዤ ጎህ ሲቀድ ከአሰብ በጋሽ ይማም ቦቴ ወደ አዲስ አበባ ተነሳን። ጋሽ ይማም የወሎ ሰው ነው፤ በዚህ መንገድ ነዳጅ ሲያመላልስ ሸብቷል። የውሃ ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ በሚያገኘው ጎን ይሰቅለዋል፤ በዚያ ሐሩር ውሃው ይቀዘቅዛል።

"እቴ ሐዋ፣ ዕቃሽን በቆርቆሮ ሣጥን ዘግተን ከውሃው ጋር እንስቀለው።"

"አደራ ነው ጋሼ፣ ከጭኔ አይወርድም።"

"ጭንሽ እኮ እንደ ውሃው አይበርድም!"

"አይወርድም ብያለሁ!"

ቡሬ ኬላ ላይ ፈታሹ ካሴቶቹን አገላበጣቸው።

"የማን ዘፈን ነው?"

"ዘፈን አይደለም፣ ራጅ ነው።"

"በሽተኛውስ የት አለ?"

"ሰማይ ላይ።"

ትንሽ አየኝና፣ "አላህ ያሽረው፤ እለፉ" አለ።

ዲቾቶ

ከጥቁር ድንጋይ በቀር የሚታይ የለም። ፍየል በሩዝ በላን፤ ስድስት ብር። ቀትር ላይ ሾፌሮቹ ሁሉ ከመኪናቸው ሥር ገብተው ይተኛሉ። እኔ ካሴቶቼን ታቅፌ ቁጭ ብዬ ዋልኩ፤ ሌቦች የሌሉበት ምድረ በዳ ላይ ዘበኛ ሆኜ።

ሚሌ

ሰርዶን ስናልፍ ድካሙ ጣለኝ። ሚሌ ስነቃ አንዱ ካሴት ከጭኔ ተንሸራቶ፣ በእኔና በጋሽ ይማም መካከል ባለው የሞተር ክዳን ላይ ወድቋል። እዚያ ላይ እንኳን ፕላስቲክ እጅም አይቆይም። ካሴቱ ሙቀት እንዳገኘው ሻማ ጎብጧል።

ጋሽ ይማም "ነግሬሽ ነበር" አላለም። መኪናውን አቁሞ የተረፈውን ተቀበለኝና ከውሃው ጎን ሰቀለው።

አዲስ አበባ

በሦስተኛው ቀን ደረስን። ሁለቱንም ካሴቶች ለጀማል ሰጠሁት። ጀማል የተረፈውን ካሴት ለኮምፒዩተሩ አስነበበው። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣቦች፣ በመሃላቸውም አንድ ጉብታ ወጣ።

"ይቺ ጉብታ ጋዙ ውስጥ ካለው ብረት የወጣች ናት።"

"አሰብ ላይ የሚዝገው ብረት?"

"ራሱ! ቀጭን መስመር ነበረች፤ ጋዙ በዚያ ፍጥነት ሲዞር ተለጠጠች።"

"የሌላውስ ብረት?"

ጎባጣውን ካሴት አገላበጠ። "አንዱም ይበቃል" አለ። እንደማይበቃ ከፊቱ አወቅሁ።

"አንቀላፋሁ እኮ ጀማል።"

"የማያንቀላፋው ሳተላይቱ ነው። አንቺ ሰው ነሽ፤ ነይ ብዪ።"

አሰብ

በሳምንቱ በዚያው ቦቴ ተመለስኩ። ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥኩ፤ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም። አጥብቆ መያዝና በደህና ማድረስ የተለያዩ መሆናቸውን የተማርኩት በወንድሜ ልፋት ነው።

ጀማል በአንዱ ጋላክሲ ብቻ ጽፎ አስረከበ። ከዚያም የሳተላይቱን ሰዎች የሁለተኛውን ሌላ ቅጂ እንዲልኩለት ጠየቀ። በማመልከቻው ላይ፣ ተቀባይ በሚለው ቦታ፣ አሁንም የእኔን ስም ጻፈ።