እትዬ ብረትና የሳሙናው ሽታ

የሳሙና ፋብሪካችን ወጥ ቤት አለቃ እትዬ ብረት ትባላለች። ስሙን ያወጣንላት እኛ ሠራተኞቹ ነን፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሆዴን ሳትል በትልቁ ድስት ላይ የነገሠች ሴት ሌላ ምን ትባል?

ሾርባ ስትቀምስ ማንኪያ አታውቅም። መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትልሳለች፣ ዐይኗን ጨፍና ትፈርዳለች፣ በዚያው እጇ ዳቦ ትቆርሳለች። ታጠቢ የሚላት ደፋር ቢገኝ፣ እዚህ ግቢ አየሩ ራሱ ሳሙና ነው፣ ባስነጥስ አረፋ ነው የሚወጣኝ ትላለች። ሽታው እውነትም ከልብሳችን አይለቅምና አመንናት።

ከዚያ አንድ ሰሞን የማሸጊያ ክፍል ሰዎች ሆዳቸውን ይዘው ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ ጀመሩ። እኔም ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ እግር እንዳለኝ አላውቅም ነበር። እትዬ ብረት ጣቷን የቀሰረችው አትክልት ከታፊዋ ላይ ነው፤ የባሏ እህት ናት፣ ነገራቸው የቆየ ነው። የፋብሪካው ክሊኒክ ድረስ ሄዳ የወጥ ቤቱ ሰው ሰገራ በሙሉ ይመርመር ብላ ነርሷን ወጥራ ያዘቻት። ለአርአያነት የራሷን ቀድማ አስረከበች።

ውጤቱ መጣ። ከታፊዋ ነጻ፣ ድስት አጣቢዎቹ ነጻ። አሜባው እትዬ ብረት ሆድ ውስጥ ተደላድሎ ተቀምጧል።

«እኔ እኮ አሞኝ አያውቅም» አለች፣ ድምጿ ሟሙቶ።

ነርሷ፣ ራሱ ሳይታመም ለሰው የሚያድል አለ ብላ አስረዳቻት። መድኃኒት ሰጥታ፣ ዳግም ተመርምራ ንጹሕ እስክትባል ድስት እንዳትነካ ከለከለቻት። ጭልፋው ለከታፊዋ ተላለፈ።

እትዬ ብረት በሩ ላይ ወንበር አስወጥታ፣ ሾርባውን በአፍንጫዋ መምራት ያዘች። ያስጨነቃት አሜባው አልነበረም። የከታፊዋ እጅ ጣፍጦ ጭልፋው እዚያው እንዳይቀር ነው። ጣፈጠም። እኔ ራሴ እንዳታየኝ ጀርባዬን ሰጥቼ ደገምኩ።

ሁለተኛው ውጤት ንጹሕ ሲሆን ወረቀቱን እንደ ዲፕሎማ ከፍ አድርጋ ገባች። ጭልፋውን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ፣ ከታፊዋ ከኋላዋ ደበቀችው።

«መጀመሪያ ሳሙና፣ እታለም።»

እትዬ ብረት ወረቀቱን አየች፣ ከታፊዋን አየች፤ ቧንቧው ጋ ሄዳ ከነመጠቅለያው ሲያንቀላፋ የኖረውን ሳሙና ፈታችው። እስከ ክርኗ አረፋ ሆነች። ተመልሳ ጭልፋውን ጨበጠች። መዳፏ በልማዱ ተከፍቶ ሲጠብቅ ከታፊዋ ማንኪያ አቀበለቻት።

ቀመሰች። ዐይኗን ጨፍና ፈረደች።

«ጨው አንሶታል» አለች።