ውሃ አጠጪዋ ማናልሞሽ

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን 1995 ዓ.ም. ነበር። ይርዳው ለብዙ ዓመታት ቀኑን እንዲህ ብሎ ሲናገር ኖሯል። ቆይቶ ግን ራሱን መጠራጠር ጀመረ። ኅዳር አሥራ ሁለት ሚካኤል ነው፤ በሚካኤል ዕለት ማናልሞሽ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች እንጂ ሥራ አትገባም። እንግዲያው አሥራ ሦስት መሆን አለበት። ዓመቱስ ቢሆን? ዘጠና ስድስትም ሊሆን ይችላል። የማይጠራጠረው ፀሐይዋን ብቻ ነው። ሚዛን ተፈሪ ላይ ስምንት ወር ሲዘንብ ከርሞ ሰማዩ ከጠራ ስድስተኛው ቀን ነበር፤ በየደጁ ቡና ተሰጥቷል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ ዓይን ይወጋል።

ይርዳው ያኔ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበር። ዩኒቨርሲቲ በጨረሰ በዓመቱ፣ ከሚዛን ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ነጋዴ በሚያሠራው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ላይ መሐንዲስ ሆኖ ተቀጠረ። ከሥራዎቹ አንዱ የሠራተኛውን ደኅንነት መጠበቅ ነበር። ይህም ማለት፣ እሱ እንደገባው፣ በየማለዳው አንድ ቅጽ መሙላት ነው። ቅጹ ላይ «መወጣጫው ተመርምሯል» የሚል መስመር አለ። ይርዳው የመጋዘኑ በር ላይ ቆሞ አንገቱን ቀና ያደርግና ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ ያየዋል። እንደቆመ ነው። ይፈርማል።

ማናልሞሽ በሠራተኞች መዝገብ ላይ «ውሃ አጠጪ» ተብላ የተጻፈች ሴት ናት። አዲስ የተሞላ አርማታ ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ሰባት ቀን ጆንያ ለብሶ ጠዋት ማታ ውሃ መጠጣት አለበት። ያን የምታደርገው እሷ ነበረች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ገና ኮረዳ ሳለች ከወሎ መጥታ እዚያው ቀረች። የወንድ ኮት ትለብሳለች፣ ጭቃ የማይለየው ኮንጎ ጫማ ታደርጋለች። ከቤንች ሴቶች ጋር በቋንቋቸው ታወራለች፤ እነሱ በአነጋገሯ ይስቃሉ፣ እሷም አብራ ትስቃለች። ምሳዋ የተቀቀለ ጎደሬ ነው፤ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትቆርሳለች።

በዝናቡ ወራት ሥራ አልነበራትም ማለት ይቻላል፤ ሰማዩ ያጠጣላታል። ያኔ መወጣጫው ሥር ለሥር ትዞራለች። አንዱን ቋሚ በመዳፏ መታ ታደርጋለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ይርዳው ብዙ ጊዜ አይቷታል። ሥራ ስትፈታ ጊዜ የምትገፋበት ይመስለው ነበር።

በዚያን ቀን ጠዋት ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስረው አርማታ ሊሞላ ነው። ከጅማ በኪራይ የመጣው የሲሚንቶ ማደባለቂያ በማግሥቱ ይመለሳል፤ የመጀመሪያው ድብልቅ ተዘርግፏል። አሥራ አንድ ሰው መወጣጫው ላይ ተሰልፎ ባልዲ ሊቀባበል እጅጌውን ሰብስቧል።

«ውጡ! ውጡ እንጂ!» አለ ፎርማኑ ሻሚል። ሻሚል ሃያ ዓመት ግንባታ ላይ የኖረ፣ ያቆመው ግድግዳ ሲታይ የሚያስቀና የጅማ ሰው ነው።

ማናልሞሽ መሄጃውን ዘግታ መሰላሉ ሥር ቆመች፤ አንዱን እጇን በግራው፣ አንዱን በቀኙ ቋሚ ላይ አድርጋ።

«ማንም አይወጣም» አለች።

ሰዉ የቀለደች መስሎት ሳቀ። መወጣጫውን ያቆመው አናጢው ፈንታው ነበር፤ እሱ ደግሞ ነገር ሲያገኝ አያልፍም።

«እትዬ፣ ሦስት ወር ሙሉ ዝናብ እየወረደብን ስንንጠለጠል ትንፍሽ ሳትዪ፣ ዛሬ ፀሐይ ወጣ ብለሽ ታስቆሚናለሽ? ነገ ደግሞ ጨረቃ ሞላች ብለሽ በዓል አስከብሪና!»

«ሚስማርህ የምላስህን ግማሽ ቢጠነክር ኖሮ አላስቆምህም ነበር።»

ሳቁ በረታ። ሻሚል ግን አልሳቀም። «ማናልሞሽ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲሚንቶው ተለውሷል። ቆሞ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለአንቺ አልነግርሽም። በአላህ ልቀቂን።»

«ሲሚንቶው ቢበላሽ እንደፋዋለን። ከዚያ ላይ የወደቀ ሰውስ?»

ሻሚል ወደ ይርዳው ዞረ። «ኢንጂነር፣ አንተ ንገራት። ኃላፊው አንተ ነህ።»

ይርዳው ቅጹን ብብቱ ሥር ይዞ ቀረበ። ፊርማው ገና አልደረቀም ነበር ማለት ይቻላል። «እትዬ ማናልሞሽ» አላት በትሕትና፣ «መወጣጫው እኮ ተመርምሯል።»

«ማን መረመረው?»

ይርዳው ብብቱ ሥር ያለውን ቅጽ ነካ አደረገ።

«ወረቀቱ ላይ ነው ያለው?» አለችው።

«አዎ።»

«ወረቀቱ ወጥቶበት ያውቃል?»

አሁን የሳቀ ሰው አልነበረም። ይርዳው ፊቱ ጋለ። አሥራ አንድ ጥንድ ዓይን እሱ ላይ ነው። ከነዚህ ሰዎች አንዱ ቢወድቅ የሚጠየቀው በዚያ ፊርማ መሆኑን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እሱም በደንብ አያውቀውም ነበር።

«ና» አለችው። «እኔና አንተ ብቻ። ሁለት ሰው ይችላል። አሥራ አንድ ከነባልዲው ግን አይችልም።»

ወጡ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ሁለተኛው እርከን ላይ ሲደርሱ ማናልሞሽ ቆም ብላ አግዳሚው ከቋሚው የተገናኘበትን ቦታ በዓይኗ ፈለገች። ከዚያ የሚስማሩን ራስ በሁለት ጣቷ ያዘችና ሳበችው። ጣት የሚያህል ረጅም ሚስማር እሾህ ከእግር እንደሚወጣ ዝም ብሎ ወጣ። መዳፉ ላይ አኖረችለት። ሁለት እርምጃ ሄዳ ሌላ ነቀለች። ሌላም። እርከኑን ሳይጨርሱ መዳፉ ላይ ሰባት ሚስማር ተቀመጠ።

«እንጨቱ ነሐሴ ላይ ከጌጫ ሲመጣ እኮ ውሃው ይንጠባጠብ ነበር» አለችው፣ ጎረቤት ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ ዓይነት። «እርጥብ እንጨት ሚስማር ይነክሳል። ዝናብ እስካለ አይለቅም። አሁን ስድስት ቀን ፀሐይ መታው፣ ከሳ። ይኸው፣ አፉን ከፈተ።» የአግዳሚውን ጫፍ አሳየችው፤ ትናንሽ ስንጥቆች እንደ ፀሐይ ጨረር ከመሐል ወደ ዳር ተዘርግተዋል። «ሰው ዝናብ ሲያይ ይፈራል፤ ፀሐይ ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔ የምፈራው ይቺን ሳምንት ነው።»

«ዛሬ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ሲመታ ድምፅ አለው። ባለፈው ስመታው የሰው ደረት ነበር። ዛሬ ጣሳ ሆነ።»

ይርዳው አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ክብደትና ስለ ጉልበት ሲያሰላ ኖሯል። ከዚያ ሁሉ ደብተር ውስጥ ስለዚች ሳምንት አንድ መስመር ትዝ አላለውም። ቁልቁል አየ። ሰዎቹ ባልዲያቸውን እንደያዙ አንጋጠዋል፤ የፈንታው አፍ እንደተከፈተ ቀርቷል። ከነሱ ወዲያ በየደጁ የተሰጣው ቡና፣ ከቡናው ወዲያ ጫካው፣ ሁሉም በዚያች ጥሩ ፀሐይ ያበራል። ልጅ ሆኖ ማንም የሌለበት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻውን የገባ ዕለት የተሰማው ነገር ተሰማው። ይህች ሴት በጭቃ ጫማዋ ስንት ወር ሙሉ ከሥራቸው እየዞረች የያንዳንዳቸውን ነፍስ በጆሮዋ ስትጠብቅ፣ ያዘዛትም የጠየቃትም አልነበረም።

ወረደ። ቅጹን አወጣ፤ ሁሉም እያየው ፊርማውን ሰረዘ። «ሥራ ቆሟል» አለ።

ሻሚል ሚስማሮቹን ከእጁ ተቀበለውና አንድ በአንድ ገላበጣቸው። ይቆጣል ብሎ ሁሉም ጠበቀ። እሱ ግን ቆቡን አወለቀና «ገመድ አምጡ» አለ።

ገመዱን ከዳርኛው ቋሚ ጋር አሰሩ። ሰዉን ሁሉ ከመንገዱ ማዶ አሻገሩ። ሻሚል ራሱ ከአራት ሰዎች ጋር ገመዱን ያዘ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሳቡት። የመጀመሪያው ቋሚ አጎነበሰ፣ ሁለተኛውን አስከተለ፣ ከዚያ ያ የግድግዳ ሙሉ እንጨት ከዳር እስከ ዳር ተራ በተራ ወረደ። አቧራው ጋብ ሲል ቡና የሚያሰጡ ሴቶች ሰው ያለቀ መስሏቸው እየጮኹ ደረሱ። አሥራ አንዱ ሰዎች የወደቀውን እንጨት አላዩም። እርስ በርሳቸው ይተያዩ ነበር።

ፈንታው መንገዱን ተሻግሮ ማናልሞሽ ፊት ቆመ። ቀልድ የሚፈልግ ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። አጥቶ ጎንበስ አለና ትከሻዋን ሳማት።

«በል፣ በል» አለችው። «ሚስማሩን ልቀም። የመኪና ጎማ ቢበሳ የምትጠግን አንተ ነህ።»

ከዚያ ጥላ ሥር ሄዳ ተቀመጠች። ይርዳው በጣሳ ውሃ ይዞላት ሄደ። ጠጣች። ወደ እንጨቱ ክምር እያየች «አንተ ሰማኸኝ» አለችው። «ሰው ይሰማል ማለት ነው።» ተነስታም ባልዲዋን ፍለጋ ሄደች።

አዲሱ መወጣጫ በከረመ ደረቅ እንጨት፣ መገናኛው ሁሉ በገመድ ጭምር ታስሮ በዘጠኝ ቀን ቆመ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፤ እሷ ትመታለች፣ እሱ ያዳምጣል። መጀመሪያ ላይ ምንም አልተለየለትም። ቆይቶ ትንሽ ተለየለት። እስኪወርድ አይፈርምም።

ያ ቃሏ ግን አልለቀቀውም። ሰው ይሰማል ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነገረችውና ያልሰማት ሰው አለ ማለት ነው? በየትኛው ግድግዳ ሥር፣ ስንት ሰው ወድቆ? ሊጠይቃት በተነሳ ቁጥር ወይ ሰው ይመጣል፣ ወይ ጎደሬ ትዘረጋለታለች። አንዷ የቤንች ሴት «ቴፒ ላይ የወደቀ ባል ነበራት» አለችው። ሌላዋ «ወንድሟ ነው እንጂ» አለች። ሻሚልን ሲጠይቀው «እሷ ያልነገረችህን ከእኔ አትፈልግ» ብሎ ጥሎት ሄደ። ይርዳውም ነገ እጠይቃታለሁ እያለ ቆየ።

አርማታው በእጅ ተለውሶ ተሞላ። ሰባት ቀን አጠጣችው። በስምንተኛው ጆንያው ተነሳ፣ ሥራዋም አለቀ። ይርዳው አማን ደርሶ ሲመለስ ፈንታው በሩ ላይ አገኘው።

«እትዬን ሳትሰናበታት? ቱም ከተማ የሚሠራ ቤት አለ ብለው ወሰዷት እኮ። መናኸሪያ ነች።»

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደው። አይሱዙዋ ሞተሯን አስነስታለች። ማናልሞሽ ከኋላ፣ በጨውና በሲሚንቶ ከረጢት መሐል ተመቻችታ ተቀምጣለች። ከሩቅ አየችውና ሳቀች።

«ኢንጂነር! ማን ሞተ ብለህ ነው እንዲህ የምትሮጠው?»

ይርዳው ትንፋሹ ተቆርጦ ቆመ። ያን ጥያቄ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ጥቂት ተከተላት። ማናልሞሽ በአንድ እጇ ከረጢቱን እንደያዘች ሌላውን አነሳችለት፤ መኪናዋ ወደ ቱም መንገድ ታጠፈች።