በቋጠሮ የተጻፈ መፈክር

እኔ የጻፍኩት በቋጠሮ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ምንጣፍ ሥራ ቤት፣ እንደ ሂሳብ ደብተር በካሬ የተሰመረ ወረቀት ፊት ለፊቴ ይሰቀልልኛል። ካሬው ከጠቆረ ቀይ ሱፍ፣ ባዶ ከሆነ ነጭ ሱፍ እቋጥራለሁ። አንዷ ቋጠሮ አንድ ነጥብ ናት፤ ነጥቡ ሲደረደር ፊደል ይሆናል። ክብ የሚባል ነገር የለም፤ «ዐ» እንኳን ጥርስ ታወጣለች። ምንጣፍ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ስለሚሠራ የፊደሉ እግር ይቀድማል፣ ራሱ መጨረሻ ነው የሚመጣው።

በደርግ መጨረሻ ገደማ የቀበሌው ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀል ምንጣፍ አዘዘ፤ «ሁሉም ወደ ጦር ግንባር» የሚል። ሥራው ለእኔ ደረሰኝ። በዚያው ሰሞን ልጄን ከጫጫ ገበያ ሲመለስ አፈሱት። ጢም እንኳን ያላበቀለ ልጅ! ከተማው ዳር ካለ መጋዘን ከእኩዮቹ ጋር ዘጉበት።

ሊቀመንበሩ እግር ላይ ወደቅሁ። «አፈር ስሆን፣ ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም!»

«ምንጣፉን ለበዓሉ አድርሺ እንጂ፣ የልጅሽን ነገር ለእኔ ተይው» አለኝ።

አብራኝ የምትሠራው ሴት «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ አሾፈችብኝ። ምን ላድርግ ታዲያ? ሌላ ላም የለኝ! ጣቶቼ ተልጠው በርበሬ ያለበት ወጥ መንካት እስኪያቅተኝ ድረስ ቋጠርኩ።

እሑድ እሑድ ዳቦ ይዤ መጋዘኑ በር እሄዳለሁ።

«እማዬ፣ ፊደሎቹ የት ደረሱ?» ይለኛል በቆርቆሮው ስንጥቅ።

«ወገባቸው ጋ።»

«አሁንም ወገብ? ራስ ምን ያደርግላቸዋል፣ እንዲሁ ስጫቸው!»

ይስቃል የኔ ጌታ። እኔ ዘበኛው እንዳይሰማው ፈርቼ «ዝም በል አንተ!» እለዋለሁ።

ምንጣፉ ለበዓሉ ደረሰ። ከድሩ ቆርጠን አውርደን፣ ተሸክሜ ወስጄ አስረከብኩ። ሲሰቀል ሊቀመንበሩ ራቅ ብሎ አየውና አጨበጨበ።

«ልጄስ?» አልኩ።

«ዛሬ ጠዋት ተጭነዋል።»

«ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ!»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናታችን፣ እስቲ አንቺው ፍረጂ። ይህን በእጇ የሠራች ሴት ልጇን ቤት ብታስቀር ሕዝቡ ምን ይለናል?»

አንቱታው ከአፌ ጠፋ። «አንተ ከይሲ! የቋጠርኩት ልጄን እንድትመልስልኝ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጠባቂዎቹ ግራና ቀኝ ክንዴን ይዘው አወጡኝ። መጋዘኑ ድረስ ሮጬ ሄድኩ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ውስጡ ገለባ ብቻ።

ሰኞ ሥራ ስገባ አዲስ ድር ተወጥሮ ጠበቀኝ። ምንጣፉ ስለተወደደ ለአንኮበርም ያንኑ ሥሪ ተባልኩ። እምቢ ማለት ነበረብሽ ይሉኛል ዛሬ፤ ለሰው ቀላል ነው። እኔ ግን ምናልባት ይሄኛው ሲያልቅ ይመልሱልኝ ይሆናል ብዬ ቁጭ አልኩና ቋጠርኩ። ልጄ እስከ ዛሬ አልመጣም።